ከገንዲ መርፌ እስከ ሚቶኮንድሪያ፦ የሚያበሩ ቀለሞች ታሪክ

ያደግሁት ደጀን ነው። በዚያ ያለፈ ሰው ያውቃታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ፣ የአባይን በረሃ ወርዳችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ መኪናው እያቃሰተ ሽቅብ ሲወጣ ቆይቶ አፋፉ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። ላይ ብርድ፣ ታች ሐሩር። በመካከላቸው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ። ለሰው ይሄ ካፖርት የማውለቅና የመልበስ ጉዳይ ነው። ለከብት ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ዓመት ደጋው ላይ ሣር ጠፋና አያቴ አንዱን በሬያቸውን ቆላ ካለ ዘመድ ዘንድ አስቀመጡት። ከወራት በኋላ ሲመለስ ሌላ በሬ መሰለን። ፀጉሩ ቆሟል፣ ጎድኑ ይቆጠራል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። ይበላል፣ ግን አይጠግንም። ሽማግሌዎች መጥተው አዩትና «ገንዲ ነው» አሉ። ደሙን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው አልነበረም። ከዚያ አንድ ሰው ቀይ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ወጋው። በሬው ለጥቂት ሳምንት ሻል አለው፤ ከዚያ መልሶ ወደቀ፣ ሞተም። በዚያ ክረምት አያቴ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው አረሱ። በአንድ በሬ የቀረ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ልጅ ለሆነ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ዓመታት አለፉ። እኔ ምህንድስና አጠናሁ፤ አሁን ድኅረ ምረቃ ላይ ሆኜ በሕይወት ያለ ሕዋስን በብርሃን ስለሚያሳዩ መሣሪያዎች አነባለሁ። አንድ ቀን ሚቶኮንድሪያን ስለሚያበሩ ቀለሞች የተጻፈ ጥናት ሳገላብጥ አንድ ስም ላይ ቆምኩ፦ አይሶሜታሚዲየም። ይሄ እኮ ለገንዲ ከሚሰጡት ቀይ ዱቄቶች ዋናው ነው! ጥናቱ ውስጥ ግን እንደ መድኃኒት ብቻ አልቀረበም። በሕይወት ያለች ጥገኛ ተሕዋሲ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ሲከማች በራሱ ብርሃን የሚታይ ቀለም ሆኖ ነው የቀረበው። በዚያ ላይ የታሪኩ አንድ ጫፍ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ጊቤ ሸለቆ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ስም ነው። የሚያበሩ ቀለሞች ታሪክ የቆንጆ ሥዕሎች ታሪክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከመድኃኒት ታሪክ ጋር የተጋመደ ነው።

ኪኒን ሲያበራ

መጀመሪያ ፍሎረሰንስ የሚባለውን ነገር እንረዳ። ሱቅ ውስጥ የብር ኖት የሚፈተሽበትን ሐምራዊ መብራት አስቡ። ኖቱን ከሥሩ ስታደርጉት ቅድም ያልታየ ምልክት ድንገት ቦግ ይላል። የሆነው ይህ ነው፦ በኖቱ ላይ ያለው ቀለም ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጣል። ከዋጠው ጉልበት ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ቀሪውን ወዲያውኑ፣ ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ጥቂት ዕጥፍ በሚሆን ጊዜ ውስጥ፣ ዓይናችን በሚያየው ቀለም መልሶ ይለቀዋል። የተመለሰው ብርሃን ከገባው ያነሰ ጉልበት ስላለው ቀለሙ ይለያል። ለማይክሮስኮፕ ይህ ልዩነት ወርቅ ነው። የገባውን ብርሃን በማጣሪያ አግደን የወጣውን ብቻ ስናይ፣ ሌላው ሁሉ ጨለማ ሆኖ የምንፈልገው ነገር ብቻ እንደ ኮከብ ያበራል።

ይህን ክስተት በግልጽ ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ምን ነበር ብትሉ፣ ኪኒን ነው። አዎ፣ የወባ መድኃኒቱ። እ.ኤ.አ. በ1845 እንግሊዛዊው ጆን ሄርሼል ኪኒን የሟሟበት ውሃ ፀሐይ ሲያርፍበት ላዩ ሰማያዊ ሆኖ እንደሚያበራ ጻፈ። በ1852 ጆርጅ ስቶክስ ነገሩን አጥንቶ ኪኒኑ የማይታየውን ብርሃን ወደሚታይ እንደሚለውጥ አሳየ፤ «ፍሎረሰንስ» የሚለውን ቃልም ፍሎርስፓር ከሚባለው ማዕድን ስም አወጣ። ዛሬ ኪኒን ያለበት የቶኒክ ጠርሙስ ብታገኙና የብር መፈተሻው መብራት ሥር ብታስቀምጡት ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ በዓይናችሁ ታያላችሁ። መብራቱን ብቻ ትክ ብላችሁ አትዩት።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1856፣ ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ልጅ ለንደን ውስጥ ኪኒንን በቤተ ሙከራ ልሥራ ብሎ ተነሣ። አልሆነለትም። ከብልቃጡ የወጣው ጥቁር ዝቃጭ ነበር። ልጁ ግን ዝቃጩን አልደፋውም፤ ሲያሟሟው ሐምራዊ የጨርቅ ማቅለሚያ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሠራሽ የማቅለሚያ ኢንዱስትሪ ያን ጊዜ ተወለደ፤ በኋላም በተለይ ጀርመን ውስጥ ገነነ።

ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊሽ ያደገው በዚያ የቀለም ዘመን ነው። አንዳንድ ቀለም የሕዋስን አንዱን ክፍል ብቻ መርጦ እንደሚያቀልም አየና ራሱን ጠየቀ፦ ቀለም ቦታውን መርጦ የሚይዝ ከሆነ፣ መርዝስ ለምን ጠላቱን መርጦ አይገድልም? በ1891 ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ቀለም ለሁለት የወባ ሕሙማን ሰጥቶ ሞከረ። በ1904 ከጃፓናዊው ኪዮሺ ሺጋ ጋር ትሪፓን ሬድ የተባለ ቀይ ቀለም አይጦችን ከትሪፓኖዞም እንደሚያድን አሳየ። ትሪፓኖዞም ማለት የገንዲ አምጪዋ ናት። የገንዲን ዘር በኬሚስትሪ መግደል ሲጀመር መሣሪያው የጨርቅ ቀለም ቤተሰብ ነበር ማለት ነው።

ክርና ጥራጥሬ

አሁን ወደ ሚቶኮንድሪያ እንምጣ። ትምህርት ቤት «የሕዋስ የኃይል ማመንጫ» ተብሎ የተነገራችሁ ነገር ነው። ታሪኩ ግን ኃይል ማመንጨቱ ከመታወቁ በፊት ይጀምራል። በ1890 ሪቻርድ አልትማን ሕዋሶችን አድርቆና አቅልሞ በውስጣቸው የተበተኑ ፍሬዎች አየ። እነዚህ በሕዋስ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት ናቸው ብሎ ገመተ፤ ብዙ ሰው አልተቀበለውም። ዛሬ ግን የሚቶኮንድሪያ ጥንታዊ ቅድመ አያት በእርግጥ ባክቴሪያ እንደነበረ ስለምናውቅ፣ አልትማን ጨርሶ አልሳተም። በ1898 ካርል ቤንዳ አንዳንዴ እንደ ክር፣ አንዳንዴ እንደ ጥራጥሬ ሆነው ስላያቸው በግሪክኛ ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ «ሚቶኮንድሪያ» አላቸው።

አንድ ችግር ግን ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚያዩት የሞተ ሕዋስ ነው። ሕዋሱ በኬሚካል ይደርቃል፣ ይቆረጣል፣ ይቀለማል። ይሄ የቆመ ፎቶ እንደማየት ነው፤ ሰውዬው መቆሙን እንጂ መሮጡን አታዩም። በ1900 ሌዮኖር ሚካኤሊስ ጃነስ ግሪን የተባለ ቀለም ይዞ መጣ። ይህ ቀለም በሕይወት ያለ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሚቶኮንድሪያን ብቻ ሰማያዊ አረንጓዴ ያደርጋል። ትልቅ ነገር ነበር። ግን ለምን ሚቶኮንድሪያን ብቻ? ቀለሙ መንገዱን እንዴት አወቀው? አጥጋቢው ማብራሪያ የመጣው ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጥያቄውን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

የገንዲ ተሕዋሲና አንድ ሚቶኮንድሪያዋ

በ1895 ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም በደቡባዊ አፍሪካ፣ በዙሉላንድ፣ ናጋና የሚባል የከብት በሽታ ሲያጠና በታመሙት ከብቶች ደም ውስጥ የምትወራጭ ትንሽ ተሕዋሲ አገኘ። ይቺው ትሪፓኖዞም ናት። እኛ ጋ በሽታውን ገንዲ እንለዋለን። ዋናዋ አስተላላፊ የቆላ ዝንብ ናት፤ ትሪፓኖዞማ ቪቫክስ የተባለችዋን ግን ሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ከከብት ወደ ከብት ያዛምቷታል። በአማራ ክልል የቆላ ዝንብ ካለባቸውና ጥናት ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ምዕራብ ጎጃም፣ ጃቢ ጠህናን ነው። በሽታው የገበሬውን በሬ ብቻ አይደለም የሚወስደው። ለም የሆነው ቆላ መሬት ጦም እንዲያድር፣ ከብትና ሰው ደጋው ላይ እንዲታጨቅ ያደርጋል።

ትሪፓኖዞም ለሳይንስ ሰው የምትገርም ፍጡር ናት። የእኛ አንድ ሕዋስ በመቶዎችና ከዚያም በላይ የሚቆጠር ሚቶኮንድሪያ ሊይዝ ይችላል፤ እሷ ግን ያላት አንድ ብቻ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ። በዚያ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ደግሞ በሌላ ፍጥረት ያልተለመደ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቀለበቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው እንደ ሰንሰለት መረብ ተያይዘዋል። ይህ መረብ ኪኔቶፕላስት ይባላል። ጊምሳ በሚባለው ቀለም የተቀለመ የደም ናሙና በተራ ማይክሮስኮፕ ስታዩ፣ ከኒውክለሱ ራቅ ብሎ እንደ ነጥብ ይታያል። በየላቦራቶሪው ለምርመራ የተቀመጠ ሰው የአንዲትን ተሕዋሲ የሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ በዓይኑ ያያል ማለት ነው፤ ስሙን አያንሳው እንጂ።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጋመስ ለከብት ሦስት ዋና ዋና መድኃኒቶች ተራ በተራ መጡ። በ1952 ስለ ሆሚዲየም ተጻፈ። በ1955 አካባቢ ቢጫው ዲሚናዚን መጣ። ከዚያ 1960 አካባቢ ኬሚስቶች ሆሚዲየምን ከዲሚናዚን አንድ ቁራጭ ጋር አጋጥመው አይሶሜታሚዲየምን ሠሩ። የመጨረሻው ከማዳኑም በላይ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ለወራት ቆይቶ ስለሚከላከል ተወደደ። የሚገርመው፣ የገንዲ ሕክምና ዛሬም በአመዛኙ የቆመው በእነዚሁ አሮጌ መድኃኒቶች ላይ ነው።

መድኃኒቱ ቀለም ሆነ

ሆሚዲየም ሁለተኛ ስም አለው፦ ኢቲዲየም። ባዮሎጂ ላቦራቶሪ የገባችሁ ልጆች ይህን ስትሰሙ ሳትስቁ አትቀሩም። ዲ ኤን ኤን በጄል ላይ ለማየት የሚጨመረው፣ «ጓንት ሳታደርጉ እንዳትነኩት» የሚባለው ብርቱካንማ አብሪ ቀለም ነው እኮ! በ1960ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳውያኑ ለ ፔክና ፓኦሌቲ ይህ የከብት መድኃኒት በዲ ኤን ኤ ደረጃዎች መካከል ሲሰካ ብርሃኑ በብዙ ዕጥፍ እንደሚጨምር አሳዩ። ለብቻው ደብዘዝ ያለ ነው፤ ዲ ኤን ኤ ሲያገኝ ቦግ ይላል። ከዚያ ወዲህ ኢቲዲየም በየዓለሙ ላቦራቶሪ ገባ፤ ብዙው ተጠቃሚም ከብት ይታከምበት እንደነበር ሳያውቅ ተጠቀመበት።

ሌላም አለ። በ1971 ጀርመን ውስጥ የኦቶ ዳን ቡድን ለትሪፓኖዞም መድኃኒት ሲፈልግ ዳፒ የተባለ ውህድ ሠራ። የዲሚናዚን የሩቅ ዘመድ ነው። በመድኃኒትነቱ አልገፋም። ግን ዲ ኤን ኤ ላይ ሲጣበቅ ደማቅ ሰማያዊ ያበራል። በ1975 እንግሊዝ ውስጥ ተመራማሪዎች የእርሾን የሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ ለማየት ተጠቀሙበት። ዛሬ በሳይንስ መጽሔት ላይ ሰማያዊ ሆነው የምታዩአቸው የሕዋስ ኒውክለሶች አብዛኞቹ በዳፒ የተቀለሙ ናቸው። የፐርኪን ታሪክ ተደገመ፤ መድኃኒት ሲፈለግ ቀለም ተገኘ።

የሕዋስ ቮልቴጅ

እስካሁን ያየነው ዲ ኤን ኤን የሚያሳዩ ቀለሞችን ነው። የሚካኤሊስ ጥያቄ ግን ቀርቷል። ቀለም በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ሚቶኮንድሪያን እንዴት ለይቶ ያገኛል?

መልሱ የመጣው ከኤሌክትሪክ ነው፤ እኔም እንደ ምህንድስና ተማሪ ልቤ የተሰረቀው እዚህ ላይ ነው። በ1961 ፒተር ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሚቶኮንድሪያ ከምግብ ያገኘውን ጉልበት ተጠቅሞ ፕሮቶኖችን በውስጠኛ ሽፋኑ በኩል ወደ ውጭ ያወጣል፤ ውጩ ፖዘቲቭ፣ ውስጡ ኔጌቲቭ ይሆናል። ፕሮቶኖቹ ተመልሰው ሲገቡ ደግሞ ተርባይን እንደሚያዞር ውሃ ኤቲፒ የሚሠራውን ሞተር ያዞራሉ። ለብዙ ዓመታት ተከራከሩት፤ በ1978 ኖቤል ተሸለመ።

ቮልቴጁ ስንት ነው? ከ150 እስከ 180 ሚሊቮልት ገደማ። ከሬዲዮ ድንጋይ ጋር ስታስተያዩት ምንም ነው። ግን ሽፋኑ ውፍረቱ 5 ናኖሜትር አካባቢ ብቻ ነው። 150 ሚሊቮልትን ለ5 ናኖሜትር ስታካፍሉ በሜትር 30 ሚሊዮን ቮልት ይመጣል። አየር በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሰነጠቀው በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ሚቶኮንድሪያችሁ ሽፋን ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ከዚያ በዐሥር ዕጥፍ ይበልጣል።

እንግዲህ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው፣ ግን በስብ ሽፋን ውስጥ ማለፍ የሚችል ሞለኪውል ብታገኙ ምን ይሆናል? ኔጌቲቭ ወደሆነው ወደ ሚቶኮንድሪያ ይሳባል፣ ይከማቻል። በ1969 የሶቪየት ተመራማሪዎቹ ሊበርማንና ስኩላቼቭ እንዲህ ያሉ ሰርጎ ገብ አዮኖችን ተጠቅመው የሚቸልን ሐሳብ የሚደግፍ ማስረጃ አቀረቡ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በየ60 ሚሊቮልቱ ክምችቱ 10 ዕጥፍ ይጨምራል። በ180 ሚሊቮልት 10 ሲባዛ በ10 ሲባዛ በ10፤ በውስጥ ያለው ከውጩ 1000 ዕጥፍ ይሆናል። ጃነስ ግሪንም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቀለም ነው። የ1900ው እንቆቅልሽ ቁልፍ እዚያ ውስጥ ነበር።

በ1980 ቦስተን ውስጥ ጆንሰን፣ ዋልሽና ቼን ሮዳሚን 123 የተባለ አብሪ ቀለም በሕይወት ያለ ሕዋስ ላይ ጨመሩ። ሚቶኮንድሪያው በጨለማ ውስጥ እንደ ብርሃን ክር ሆኖ ታየ። በቀጣዩ ዓመት ከዚያው ቡድን የወጣ ጥናት ቀለሙ ሥዕል ብቻ እንዳልሆነ አሳየ። ሚቶኮንድሪያው ቮልቴጁን ሲያጣ ቀለሙ ሾልኮ ይወጣል፣ ብርሃኑም ይጠፋል። ስለዚህ የብርሃኑ ድምቀት የቮልቴጅ መለኪያ ነው። ሽቦ ሳይነካው፣ ሕዋሱ ሳይሞት!

ታሪኩም እንደገና ዞረ። እነዚሁ ተመራማሪዎች አንዳንድ የካንሰር ሕዋሶች ሮዳሚን 123ን ከጤነኞቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይዘው እንደሚቆዩ አዩና ቀለሙን ራሱን በካንሰር ሕዋሶች ላይ በመድኃኒትነት ሞከሩት። አያችሁ? ቅድም መድኃኒቱ ቀለም ሆነ፤ አሁን ቀለሙ መድኃኒት ሊሆን ተሞከረ። ምክንያቱ አንድ ነው። ቦታውን መርጦ የሚከማች ሞለኪውል ሁለቱንም ሥራ ሊሠራ ይችላል። ኤርሊሽ ከመቶ ዓመት በፊት የጠየቀው ጥያቄ ነው።

ጊቤ ላይ የተገኘው

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲወርዱ የጊቤ ሸለቆ ይገኛል። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ ከብት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያ ያሉ የገበሬ ከብቶችን ይከታተል ነበር። ከብቶቹ እየታከሙ ይታመማሉ። በ1989 ከከብቶቹ የተወሰዱ ትሪፓኖዞማ ኮንጎለንስ ተመረመሩ፤ ውጤቱም በ1993 ታተመ። ዲሚናዚንን፣ አይሶሜታሚዲየምን፣ ሆሚዲየምን፣ ሦስቱንም የተላመዱ ነበሩ። በ1997 ሙሉጌታና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ችግሩ ከዓመታት በኋላም እንዳለ መሆኑ ታየ። በ2000 ደግሞ በመተከል፣ ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው አካባቢ፣ ብዙ መድኃኒት የተላመዱ ትሪፓኖዞሞች መገኘታቸው ተዘገበ።

ታዲያ ተሕዋሲዋ መድኃኒቱን እንዴት አመለጠችው? በዚያው በ1997 ዊልክስ፣ ሙሉጌታ፣ ዌልስና ፔሪግሪን በብሪታንያው የባዮኬሚስትሪ መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። አይሶሜታሚዲየም ከሆሚዲየም የወረሰው ባሕርይ አለ፤ ራሱ ያበራል። ስለዚህ ሌላ ቀለም መጨመር ሳያስፈልግ መድኃኒቱ ወዴት እንደሚሄድ መከታተል ይቻላል። ዋና ማከማቻው ኪኔቶፕላስቱ፣ ማለትም ያ የሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ መረብ፣ ሆኖ ተገኘ። ወደዚያ የሚስበው ደግሞ የሚቶኮንድሪያው ቮልቴጅ ነው። መድኃኒቱ ፖዘቲቭ ነው፤ ኔጌቲቩ ይጠራዋል። መድኃኒቱን በተላመዱት ላይ ግን ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ ታየ።

ይህን በምሳሌ እናስላው። ቮልቴጁ ከ180 ወደ 120 ሚሊቮልት ቢወርድ፣ ክምችቱ ከ1000 ዕጥፍ ወደ 100 ዕጥፍ ይወርዳል። መርፌው ያው፣ መጠኑ ያው፤ ዒላማው ላይ የደረሰው ግን ዐሥረኛው ብቻ ነው። ተሕዋሲዋ በሩን አልዘጋችም፤ መብራቱን ቀነስ አደረገች።

ይህን ሳነብ የአያቴ በሬ ትዝ አለኝ። ሻል ብሎት መልሶ መውደቁ።

መለኪያው ምን ይላል፣ ምን አይልም

ግን እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የ1997ቱ ጥናት ርእስ ራሱ የቮልቴጁን ለውጥ «ምክንያት ሊሆን የሚችል» ብሎ ነው ያቀረበው። ቮልቴጁ ዝቅ ማለቱ መላመድን አመጣ፣ ወይስ መላመዱ ቮልቴጁን ዝቅ አደረገው? በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት የገንዲን ተሕዋሲ ዘመድ፣ ትሪፓኖዞማ ብሩሴይን፣ በላቦራቶሪ ቀስ በቀስ ከአይሶሜታሚዲየም ጋር አላመዳት። እርምጃዋን ሲከታተሉ ቀድሞ የመጣው ኤቲፒ ሠሪው ሞተር ላይ፣ ጋማ በተባለው ክፍሉ ላይ፣ የተከሰተ የዘር ለውጥ ነበር። የቮልቴጁ መውረድ ዘግይቶ የመጣ ነው። ይህ የሞተር ለውጥ ተሕዋሲዋን ያለ ኪኔቶፕላስት ዲ ኤን ኤ መኖር እንድትችል ያደርጋታል፤ መድኃኒቱ የሚመታውን ነገር ራሱን ታስወግዳለች ማለት ነው። የጊቤዎቹ ያዩት ስሕተት አልነበረም። የታሪኩን አንድ ምዕራፍ ነበር ያዩት።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። ብርሃን ልኬት ነው፤ ልኬት ደግሞ ምክንያት አይደለም። መለኪያውም ቢሆን ጠባይ አለው። ሮዳሚን 123 ከመጠን በላይ ሲከማች ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ብርሃናቸውን ያፍናሉ፤ ስለዚህ ብዙ ቀለም እያለ ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። በ1991 የቼን ቡድን ጄሲ-1 የተባለ ቀለም አስተዋወቀ። ጥቂት ሲሆን አረንጓዴ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ብዙ ሲከማች ቀይ ስለሚሆን፣ ሁለቱን ቀለም እያወዳደሩ ማንበብ ይቻላል። በ1990ዎቹ ሚቶትራከር የተባሉት መጡ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ከሚቶኮንድሪያው ፕሮቲን ጋር ተጣብቀው ስለሚቀሩ ሕዋሱ ከደረቀ በኋላም ይታያሉ። በ1995 ጣልያን ውስጥ የሪዙቶ ቡድን ከጄሊፊሽ የተገኘውን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ወደ ሚቶኮንድሪያ ላከው። ያን ጊዜ ቀለሙን ከውጭ መጨመር ቀረ፤ ሕዋሱ ራሱ ይሠራዋል። እንዲህ ያለው ፕሮቲን ደግሞ ቮልቴጅን አይለካም፤ ቦታን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ የትኛውን ልጠቀም ከማለት በፊት ምን ልጠይቅ ማለት ይቀድማል።

ይህ ሁሉ ብርሃንም ለሕዋሱ በነፃ አይመጣም። ቀለሙ በጣም ሲበዛ ሚቶኮንድሪያውን ያውካል፤ ማብሪያው ሲጠነክር ሕዋሱን ይጎዳል። ልብ ካላችሁ አይገርምም። ከእነዚህ ቀለሞች ብዙዎቹ የመድኃኒት ዘር ናቸው፤ መድኃኒትና መርዝ ደግሞ ልዩነታቸው መጠን ነው።

ወደ ደጀን ስንመለስ

መጠን ካልኩ አይቀር፣ ታሪኩ የሚያልቀው ገበያ ላይ ነው። ለአንድ በሬ የተመጠነ ፓኬት ለሁለት ሲካፈል፣ ክብደቱ ሳይገመት ሲወጋ፣ ገንዲ ላልሆነ በሽታ ሁሉ «ለማንኛውም» ተብሎ ሲሰጥ፣ ደካሞቹ ትሪፓኖዞሞች ይሞታሉ፣ ጠንካሮቹ ይተርፋሉ። የተረፉት ይራባሉ። በላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ቀስ በቀስ የሚያላምዱትን ተሕዋሲ እኛ ሳናስበው በየበረቱ እናላምዳታለን። ቁጠባው ደግሞ የገበሬው ጥፋት ነው ብዬ አልፈርድም። መመርመሪያው ሩቅ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ሲወደድ፣ ሰው ያለውን ያደርጋል።

መፍትሔው አዲስ መድኃኒት መጠበቅ ብቻ አይደለም። ደሙን አስመርምሮ መስጠት፣ ሙሉ መጠኑን መስጠት፣ ዝንቡን መቆጣጠር። ጊቤ ላይ ከ1991 ጀምሮ ዝንብ የሚገድል ፈሳሽ በከብቶቹ ጀርባ ላይ እየፈሰሰ የቆላ ዝንቡ ቁጥር በጣም መቀነሱ ታይቷል፤ የሚታከመው ከብትም አንሷል። ዝንቧ ከቀነሰች መርፌው ይቀንሳል፤ መርፌው ከቀነሰ መላመዱ ይዘገያል።

ባለፈው ክረምት ደጀን ሄጄ ይህን ሁሉ ለአያቴ ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ ቮልቴጅ፣ ስለ ሚቶኮንድሪያ፣ መድኃኒቱ ራሱ እንደ መብራት ስለማብራቱ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እና ያ መብራት በሬው ደም ውስጥ ገንዲው መኖሩን ቀድሞ ቢያሳየን ምን ነበረበት?» አሉ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ኤል ኢ ዲ አምፖል ያላቸው የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፖች ጨለማ ክፍል ሳይፈልጉ በብዙ አገር ጤና ተቋማት እያገለገሉ ነው፤ ብርሃኑም መሣሪያውም ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም። ቆላና ደጋ መካከል ባለች ከተማ ላይ አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ፣ የከብት ደም የሚያይ፣ ቢቀመጥ ብዬ አሰብኩ። አሁን በማታ ማታ የምሠራው ንድፍ እሱ ነው። ይህን ከምታነቡት መካከል ቀድሞኝ የሚሠራው ቢገኝ አልቀየምም።